«ሁሉንም እንሠራለን» የሚለውን ታፔላ አውርዱ፦ ለትንሽ የአገልግሎት ሥራ ትኩረትና የአንድ ገጽ ዕቅድ አወጣጥ

እኔ አዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አካባቢ ሶፋና ምንጣፍ አጥባለሁ። በሳምንት ቢያንስ ሁለት ሰው ይደውልልኛል ወይም በቴሌግራም ይጽፍልኛል። ጥያቄው ሁሌ ያው ነው፦ «ሥራ ጀምሬያለሁ፣ ስልኬም ይጠራል፣ ግን ወር ሲያልቅ እጄ ላይ ምንም የለም። ምን ላድርግ?» ለእያንዳንዱ ሰው የ8 ደቂቃ የድምፅ መልእክት መላክ ሰለቸኝ። ስለዚህ አንዴ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት።

ምሳሌዎቼ ከሶፋ እጥበት የመጡ ናቸው። እናንተ ቧንቧ ብትጠግኑም፣ ዲሽ ብትተክሉም፣ ቤት ለቤት እየዞራችሁ ልጆች ብታስጠኑም አሠራሩ አይለወጥም። የማነሳቸው ብሮች ደግሞ ለስሌት እንዲመቹ የመረጥኳቸው ናቸው፤ የሰፈራችሁን ዋጋ ተኩበት።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተርና እስክሪብቶ። ስልክ ላይ አትጻፉ፣ ተመልሳችሁ አታዩትም።
- ያለፉት ሁለት ወራት የስልክ ጥሪ ዝርዝር፣ የቴሌብርና የባንክ መልእክቶች። አትደምስሷቸው!
- የስልክ ካልኩሌተር።
- ሦስት ነፃ ጠዋትና አንድ ምሽት።
- ለባጃጅና ለታክሲ ትንሽ ብር።
- ፊት ለፊት እውነቱን የሚነግራችሁ አንድ ሰው። እናት አይሆኑም፣ ያዝኑላችኋል።

ከመጀመራችሁ በፊት ማስጠንቀቂያ፦ ደረጃ 5ን ሳትጨርሱ ማሽን አትግዙ፣ ዕቁብ አትግቡ፣ ታፔላም አታሠሩ። ዕቃ ቀድሞ ከተገዛ ሥራውን የሚመርጥላችሁ ዕቃው ነው። 40 ሜትር የፍሳሽ ቧንቧ መክፈቻ ሽቦ ገዝቶ፣ ሽቦው ሥራ እንዳይፈታ ብሎ ብቻ የማይችለውን ሥራ ሲያሳድድ የከረመ ሰው አውቃለሁ።

ደረጃ 1፦ ያለፉትን ሁለት ወራት ወረቀት ላይ አውርዱ

ከጥሪ ዝርዝሩና ከክፍያ መልእክቶቹ እየተነሳችሁ የሠራችሁትን እያንዳንዱን ሥራ ጻፉ። ለያንዳንዱ አራት ነገር ብቻ፦ ምን ሠራችሁ፣ የት፣ ስንት ብር ተረፈ፣ ከቤት ወጥታችሁ እስክትመለሱ ስንት ሰዓት ፈጀ።

የመጨረሻውን ሁሉም ሰው ይዘለዋል። ገንዘቡ የሚጠፋው ደግሞ እዚያ ነው። ከኔ ደብተር ሁለት ሥራዎች ላሳያችሁ።

በከተማው ሌላ ጫፍ፣ ጀሞ የታጠበ የ7 ሰው ሶፋ፦ በመቀመጫ 300 ብር ሲታሰብ 2,100 ብር። ከዚያ ላይ ለረዳት 500፣ ለሳሙና 150፣ ለሁለት ሰው ታክሲ ከነማሽኑ ቦታ 400 ይነሳ። የቀረው 1,050 ነው። ግን እጥበቱ 4 ሰዓት፣ መንገዱ ደርሶ መልስ 3 ሰዓት። በሰዓት 150 ብር ማለት ነው።

እዚሁ ጎረቤት ብሎክ የታጠበ የ5 ሰው ሶፋ፦ 1,500 ብር። ረዳት 400፣ ሳሙና 110፣ ባጃጅ 90። የቀረው 900። ከነመንገዱ 3 ሰዓት ተኩል ፈጀ። በሰዓት 257 ብር!

ጀሞ ስሄድ «ዛሬስ ትልቅ ሥራ አገኘሁ» ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር የሄድኩት። ደብተሩ ግን ሌላ ይላል። የቅርቡን ሥራ ጨርሼ ከሰዓት ሌላ ቤት መግባት እችላለሁ፤ ከጀሞ ስመለስ ግን ቀኑ አልቋል፣ ረዳቴም አኩርፋለች።

ገና ሥራ ያልጀመራችሁ ከሆነ ይህን ደረጃ በግምት አትሙሉት። ዕቃ ተከራይታችሁ ሦስት ሰው ቤት ሥሩና ከዚያ ጻፉ።

ደረጃ 2፦ አንድ ሥራ ምረጡ

ከዝርዝሩ ላይ በሰዓት የተሻለ የተረፈባቸውን ሦስት ዓይነት ሥራዎች አክብቡ። ከዚያ እያንዳንዱን በነዚህ ፈትኑት፦

ሰውየው ከስድስት ወር ወይም ከዓመት በኋላ እንደገና ይፈልገኛል? ዛሬ ባለኝ ዕቃና ሙያ በአንድ ቀን ጨርሼ መውጣት እችላለሁ? በዚህ ሰፈር ሰው ለዚህ ሥራ አሁንም እየከፈለ ነው?

ሦስቱንም ያለፈውን ውሰዱ። ሁለት ካለፉ በሰዓት የሚበልጠውን ውሰዱ። ሌሎቹን አትቅደዷቸው፣ ደብተሩ ጀርባ ላይ «ለኋላ» ብላችሁ አስቀምጧቸው።

ለምን አንድ? ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ይባል የለ፣ እኔ ግን አራት ዛፍ ነበር የሞከርኩት፦ ሶፋ፣ መጋረጃ፣ የቤት ቀለም፣ ዕቃ ማጓጓዝ። ይሄ ሁሉ አንድ ወረቀት ላይ ተጽፎ ሲለጠፍ ሰው የቱን ልጥራት ብሎ ያልፈዋል። ሌላው ጉዳይ ሙያው ነው። አንድ ሥራ ሃምሳ ጊዜ ስትሠሩ የት እንደሚበላሽ ታውቃላችሁ። እኔ ገና ሁሉን በምነካካበት ጊዜ የአንዲት እናትን ቬልቬት ሶፋ እንደ ተራ ጨርቅ በጠንካራ ብሩሽ ፈትጌ ፀጉሩን አስተኛሁት። አልተነሳም። የዚያን ወር ገቢ እንዳለ ከፍዬ ነው የተገላገልኩት።

ደረጃ 3፦ የሥራ ክልላችሁን በእጅ ሣሉ

ቤታችሁን ወይም ዕቃ የምታስቀምጡበትን ቦታ መሃል ላይ ነጥብ አድርጉ። ከዚያ ዕቃ ይዛችሁ በ30 ደቂቃ የምትደርሱባቸውን ሰፈሮች ዙሪያውን ጻፉ። ለኔ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬና ቂሊንጦ ገቡ። አቃቂ ጠዋት ይገባል፣ ማታ አይገባም።

ደቂቃውን በሐሳብ አትቁጠሩ። አንድ ቀን ጠዋት ከ1 እስከ 2 ሰዓት፣ አንድ ቀን ማታ ከ11 እስከ 1 ሰዓት ራሳችሁ ሂዱበት። ዳር ላይ የምንኖር ሰዎች መንገዱ ሳይሆን የታክሲ ሰልፉ ነው የሚገድለን። ማሽን ይዛችሁ ደግሞ የታክሲው ረዳት «ይሄ አይገባም» ሊላችሁ ይችላል ወይም የሁለት ሰው ያስከፍላችኋል፤ ያንንም ጻፉት።

ፎቅም ርቀት ነው። ባለ 4 ፎቅ ኮንዶሚኒየም ሊፍት የለውም። ማሽን፣ ሁለት ጀሪካንና ቱቦ ተሸክሞ 4ኛ ፎቅ መውጣት 20 ደቂቃና አንድ ወገብ ይፈጃል፤ ስለዚህ ስልክ ሲደወል መጀመሪያ ከምጠይቃቸው ነገሮች አንዱ «ስንተኛ ፎቅ ነው?» ነው።

የተለመደ ስህተት፦ «መላው አዲስ አበባና አካባቢው» ብሎ መለጠፍ። ሰሚት ያለ ሰው አንዴ ይደውላል፣ ትሄዳላችሁ፣ ጎረቤቱ ግን አያያችሁም። እዚሁ ብሎክ ውስጥ ስትሠሩ ደረጃው ላይ የምታልፈው ሴትዮ ታያችኋለች፣ «ስንት ነው?» ትላለች፣ ሁለተኛው ሥራ ያለ ማስታወቂያ መጣ።

ደረጃ 4፦ አሥር ሰው ጠይቁ፣ ግን «ትፈልጋላችሁ?» አትበሉ

ይህ ደረጃ ከሁሉም በላይ ጊዜ ስጡት የምለው ነው። «የሶፋ እጥበት ብጀምር ትፈልጊያለሽ?» ብትሉ ማንም እምቢ አይላችሁም። ይሉኝታ አለ። «አዎ አዎ፣ ጎበዝ፣ በርቺ» ይሏችኋል፤ ከዚያ አይደውሉም። በዚህ «አዎ» ተማምኖ ሱቅ የተከራየ ብዙ ነው።

ያለፈውን ጠይቁ፦

- መጨረሻ ያሳጠባችሁት መቼ ነው?
- ማን አጠበላችሁ፣ እንዴት አገኛችሁት?
- ስንት ከፈላችሁ?
- ምን አበሳጫችሁ?

ያለፈውን የሚናገር ሰው አይዋሽም፣ ለመዋሸትም ምክንያት የለውም። «አሳጥቤ አላውቅም» ካለም ትልቅ መልስ ነው። ከአሥሩ ስምንቱ እንዲህ ካሉ ወደ ደረጃ 2 ተመለሱና ሁለተኛውን ሥራ አንሱ።

ማንን ትጠይቃላችሁ? አምስቱ አገልግሎቱን የሚገዙ የቤት እመቤቶችና አባወራዎች ይሁኑ። አምስቱ ደግሞ ሰው የሚያዩ ሰዎች፦ የግቢው ጥበቃ፣ የብሎኩ ኮሚቴ፣ ባለ ሱቁ፣ ቤት የሚያከራየው ደላላ፣ ባጃጅ ነጂው። ማን ገባ ማን ወጣ፣ ማን ዕቃ ለወጠ፣ እነሱ ያውቃሉ። የኛን ግቢ ጥበቃ «ጋሼ፣ ሶፋ የሚያጥቡ ሰዎች ሲመጡ ሰው በምን ይጣላቸዋል?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «በውሃ ነዋ ልጄ» አሉኝ። «ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። እነሱ ገብተው ሮቶውን ጨርሰውላት ይሄዳሉ፣ ሴትዮዋ ለሦስት ቀን ትቸገራለች።»

ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ሥራዬን ለወጠው። ሌሎቹም ሁለት ቅሬታ ደጋግመው ነገሩኝ፦ ሶፋው ሳይደርቅ ቀርቶ ይሸታል፣ ሰዎቹ በተባለው ሰዓት አይመጡም። ሳሙናው ምን ዓይነት ነው ብሎ የጠየቀኝ አንድም ሰው አልነበረም።

መልሱን በሰዎቹ ቃል ጻፉት። «የውሃ አጠቃቀም ችግር» ብላችሁ አታሳምሩት፤ «ሮቶዬን ጨረሱት» ብላችሁ ጻፉ። በኋላ ስትናገሩ ደንበኛው የራሱን ቃል ይሰማል።

ደረጃ 5፦ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

ቅርጹ ይሄ ነው፦ «ለ(ማን)፣ በ(የት)፣ (ምን) እሠራለሁ፤ (ያበሳጫቸውን ነገር) አላደርግም።»

የኔ፦ «ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ለሚኖሩ ቤተሰቦች የጨርቅ ሶፋና ምንጣፍ አጥባለሁ፤ ውሃ ይዤ እመጣለሁ፣ በተባባልነው ሰዓት እደርሳለሁ፣ በማግስቱ ይቀመጡበታል።»

«ጥራት ያለው»፣ «አስተማማኝ»፣ «በተመጣጣኝ ዋጋ» የሚሉትን አውጡ። ሁሉም ስለሚላቸው ማንም አይሰማቸውም።

ለባለ ሱቁ ንገሩት። በነጋታው ሄዳችሁ «ምን እሠራለሁ ነበር ያልኩህ?» በሉት። በግምት ከደገመው ጨርሳችኋል። «ጽዳት ምናምን አይደል?» ካለ እንደገና ጻፉ፤ እኔ አራት ጊዜ ጽፌዋለሁ።

ማስጠንቀቂያ፦ የማትችሉትን ቃል አታስገቡ። «በማግስቱ ይቀመጡበታል» ያልኩት በደንብ ውሃ የሚመጥ ማሽንና ማራገቢያ ስላለኝ ነው። በሐምሌ ዝናብ ይህን ቃል አልሰጥም፣ ሁለት ቀን እላለሁ።

ደረጃ 6፦ «አልሠራም» የሚለውን ዝርዝር ጻፉ

አምስት መስመር ይበቃል። የኔ፦ ቆዳና ቬልቬት ሶፋ፣ ከክልሌ ውጪ ያለ ቤት፣ ከሦስት መቀመጫ በታች፣ ፎቶ ሳይላክ ዋጋ መናገር፣ በዱቤ መሥራት።

ይህን አስቀድሞ መጻፍ ያስፈለገው ስልክ ላይ ሆኖ እምቢ ማለት ስለሚከብድ ነው። በተለይ የዘመድ ዘመድ ሲሆን! እምቢ የምትሉበትን ቃልም አዘጋጁ፦ «እትዬ፣ እሱን እኔ ባበላሸው አዝናለሁ። በደንብ የሚሠራ ልጅ አውቃለሁ፣ ቁጥሩን ልላክልዎት?» ሥራውን ለሌላ ሰው ስትሰጡ ሁለት ነገር ታተርፋላችሁ፤ ደንበኛዋ አትቀየምም፣ ያ ልጅም ሶፋ ሲያጋጥመው ወደ እናንተ ይልካል።

ደረጃ 7፦ የመጨረሻውን ዝቅተኛ ዋጋ አስሉ

የጎረቤቱን ዋጋ አይቶ 50 ብር መቀነስ ዋጋ ማውጣት አይደለም። ለ5 ሰው ሶፋ እንዲህ አስቡ፦

- ረዳት 400
- ሳሙና 110
- ባጃጅ 90
- የማሽን እርጅና 50
- ስልክ፣ ፈቃድና ጥቃቅን 50
- የራሳችሁ ደሞዝ፣ 3 ሰዓት ተኩል በ150 ብር፣ 525

ድምር 1,225። ከዚህ በታች ከተባላችሁ አትሂዱ። ዋጋችሁ 1,500 ከሆነ፣ «ቀንሺልኝ እንጂ እህት» ሲሏችሁ እስከ 275 ብር ድረስ መውረጃ አላችሁ ማለት ነው።

የማሽኑ 50 ብር ከየት መጣ? 36,000 ብር የተገዛ ማሽን 2 ዓመት ይሠራል ብላችሁ ብታስቡ በወር 1,500 ነው። በወር 30 ቤት ከሠራችሁ ለአንድ ቤት 50። ያንን ብር በየቀኑ ለብቻው አስቀምጡ፤ አለዚያ ማሽኑ የተበላሸ ቀን ሥራውም አብሮ ይቆማል። ደረጃ 1 ላይ «ተረፈ» ያልኩት 900 ብር ይህን አላካተተም፣ ልብ በሉ።

የራሳችሁን ደሞዝ አትርሱ። አብዛኛው ሰው የሚረሳው እሱን ነው፤ ከዚያ ለረዳቱ ከፍሎ ራሱ በነፃ ይሠራል።

ደረጃ 8፦ የዓመቱን አቆጣጠር ሣሉ

አሥራ ሦስቱን ወራት በአንድ ገጽ ዘርግታችሁ ሥራ የሚበዛበትንና የሚቀንስበትን ምልክት አድርጉ። ለኔ ሥራ ከገና በፊት ያለው ታኅሣሥና ከፋሲካ በፊት ያሉት ሦስት ሳምንታት ይሞላሉ። ሁዳዴ 55 ቀን ስለሆነ መጀመሪያው ይቀዘቅዛል፣ መጨረሻው ይጨናነቃል። አረፋና ኢድም እንዲሁ፣ መጅሊስ ያላቸው ቤቶች ቀድመው ይይዛሉ። እንቁጣጣሽ ያስቸግራል፤ ሰው ይፈልጋል፣ ግን ክረምቱ አልወጣም፣ ሶፋው አይደርቅም፣ የትምህርት ቤት ክፍያም የመጣው ያን ጊዜ ነው።

ሥራ ለሚቀንስበት ወር ሁለት ነገር አሁን ወስኑ፦ ከበዓሉ ገቢ ስንት እንደምታስቀምጡና በዚያ ወር ምን እንደምትሠሩ። እኔ ሐምሌና ነሐሴ ማሽን አስጠግናለሁ፣ የድሮ ደንበኞቼን እደውላለሁ፣ ውሃ የማይነካውን የቫኪዩም ጽዳት ብቻ እወስዳለሁ።

የሳምንቱም አቆጣጠር አለ። በየብሎኩ ውሃ የሚመጣበትን ቀን ከኮሚቴው ጠይቃችሁ ጻፉ። ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት ደግሞ «መብራት አለ?» ብላችሁ ደውሉ። ማሽን ተሸክማችሁ 4ኛ ፎቅ ከወጣችሁ በኋላ ማወቅ አይጠቅምም።

ደረጃ 9፦ ወረቀቱን አስተካክሉ

የግብር መለያ ቁጥርና የንግድ ፈቃድ አውጡ። ከሱ በፊት ግን የምትሠሩበት ቦታ በማን ሥር እንደሆነ አጣሩ። እዚህ ዳር ላይ አንዱ ሰፈር አዲስ አበባ ነው፣ አጠገቡ ያለው ሸገር ከተማ፣ ማለትም ኦሮሚያ ሥር ነው። የተሳሳተው ቢሮ በር ላይ ግማሽ ቀን የተሰለፈ ሰው ምን እንደሚሰማው አውቃለሁ። የፈቃዱ የሥራ ዘርፍ ደረጃ 2 ላይ ከመረጣችሁት ሥራ ጋር መግጠም አለበት፤ ይህን ደረጃ ወደ ኋላ ያመጣሁትም ለዚህ ነው። እድሳቱ ያለ ቅጣት ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው፤ ሐምሌ ላይ ቀለል ስለሚል ያኔ ጨርሱት።

ለሥራው የተለየ ሂሳብ ክፈቱ። የቤት አስቤዛና የሥራ ብር አንድ ቴሌብር ላይ ከተቀላቀሉ ደረጃ 1ን ዳግመኛ መሥራት አትችሉም።

ደረጃ 10፦ የሦስት ወር ዕቅድ በአንድ ገጽ

ላይ ላይ የደረጃ 5ን ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ከሱ ሥር በየሳምንቱ የምትሞሉት ሦስት ቁጥር፦ ስንት ቤት ሠራን፣ ስንት ብር ተረፈ፣ ስንቱ ሰው በሌላ ሰው ጥቆማ መጣ። ለሦስት ወር መድረሻ አስቀምጡ፤ ለምሳሌ አሁን በሳምንት 4 ቤት ከሆነ 7። 20 ብላችሁ አትጻፉ። ሁለት ሰው ሆናችሁ 20 ቤት አታጥቡም።

ከዚያ መድረሻው ላይ የሚያደርሱ ሦስት ሥራዎች ብቻ፣ ከነቀናቸው። የኔ የመጀመሪያው ዕቅድ ላይ የነበሩት፦ በየሳምንቱ ማክሰኞ ሁለት የብሎክ ኮሚቴ ማነጋገር፣ ከእያንዳንዱ ሥራ በኋላ ከደንበኛዋ ፈቃድ ጠይቆ የበፊትና የኋላ ፎቶ በብሎኩ የቴሌግራም ግሩፕ ማስለጠፍ፣ ከስድስት ወር በፊት ያጠብኩላቸውን በየቅዳሜው አምስት አምስት መደወል።

እሁድ ማታ ቁጥሮቹን ሙሉ። አምስት ደቂቃ ነው። ሁለት ሳምንት ተከታትሎ ከወረደ ዓረፍተ ነገሩን አትንኩ፣ መጀመሪያ ከሦስቱ ሥራዎች የቱን እንዳልሠራችሁ እዩ። አብዛኛውን ጊዜ ማክሰኞ አልሄዳችሁም።

ከዚህ በኋላ የሚመጡ ስህተቶች

ሥራው በሁለተኛው ወር ሲሰለች አዲስ ሥራ መጨመር። ሦስት ወሩ ሳያልቅ «ለኋላ» የሚለውን ገጽ አትክፈቱ።

ቀብድ አለመቀበል። በበዓል ሰሞን ሦስት ቦታ ይደውሉና ቀድሞ የደረሰውን ያስገባሉ። እኔ 300 ብር በቴሌብር ካልገባ ቀኑን አልይዝም።

የዘመድ ቤት በነፃ ሠርቶ ደብተር ላይ አለመጻፍ። ሥሩ፣ ግን «0 ብር፣ 5 ሰዓት» ብላችሁ ጻፉት።

«ማሽን መግዣ ባይኖረኝስ?» የሚለው ደግሞ ሁሌ ይከተላል። በቀን ተከራዩ። ኪራዩን ደረጃ 7 ላይ በእርጅናው ቦታ አስገቡና ዝቅተኛውን ዋጋ እንደገና አስሉ። ኪራይ ያላችሁ ቀን ሁለት ቤት ካልያዛችሁ አይወጣላችሁም፤ ስለዚህ ሁለቱም ቀብድ ሳይከፍሉ ማሽኑን አታምጡ።